ጮቄ ላይ ለማደር ቀለል ያለ ድንኳን፦ አጎቴ የፈቀደልኝ 2 ኪሎ ብቻ ነው

መምህርቷ ከማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። እኔና ባለቤቴ በእግር መንከራተት እንወዳለን። እስካሁን ግን ሁሉም ደርሶ መልስ ነበር። መንገዱ ሰላም ሲሆን ከሮብ ገበያ ተነስተን ጮቄን አቋርጠን ወደ ድጓ ጽዮን ለመውረድ አስበናል። መሀል ላይ ሁለት ሌሊት ማደር አለብን።

ችግሬ ድንኳን ነው። አንድ ጥቅምት ላይ ከወዳጃችን ድንኳን ተውሰን ዘንገና ሐይቅ አካባቢ አድረን ነበር። ከመመለሴ በፊት ገበያ ወስጄ የድንች ሚዛን ላይ ሰቀልኩት፤ 4 ኪሎ ከ600። ባለ ሚዛኗ እትዬ "ኪሎው በስንት ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ሌሊት ነፋስ ሲነሳ አንዱ የፋይበር ዘንግ ተሰነጠቀ። ስንጥሩ ባለቤቴ መዳፍ ውስጥ ገብቶ በባትሪ መብራት በመርፌ ሳወጣ አመሸሁ። ጠዋት ደግሞ ጠብታ ዝናብ ሳይጥል ጋቢያችን ርሶ አገኘነው። ድንኳኑ ያፈሳል ማለት ነው።

አሁን አጎቴ ለገና ከውጭ ይመጣል። "ሻንጣዬ 23 ኪሎ ነው። 21ዱን እናትሽ አዝዛ ጨርሳዋለች። የቀረው ያንቺ" አለኝ።

ሦስት ምርጫ ይዣለሁ። አንደኛዋ 900 ግራም ነች፤ አንድ ንብርብር ሸራ ብቻ፣ የራሷ ዘንግ የላትም፣ በሁለት የጉዞ ዱላ ነው የምትቆመው። ሁለተኛው ሁለት ንብርብር ሆኖ 1.5 ኪሎ ግድም ነው፤ ኔቸርሃይክ ክላውድ አፕ የሚባለው ዓይነት። ሦስተኛው ሁለት ንብርብር፣ ያለ ካስማ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ግን 2 ኪሎ ከ100። እውነቱን ልናገር፣ 900 ግራሟ ልቤን ወስዳዋለች። ምን ትላላችሁ? ደግሞ "20 ዲ" እና "3000 ሚሊ ሜትር" የሚሉት ነገር ምንድነው?

የቢቸናው

እህቴ፣ ጎጃም ውስጥ ድንኳን ተሸክሞ መሄድ ምን ይሉታል? መሽቶብሽ ደጅ ቆመሽ "የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነን" ብትይ "ቤት ለእንግዳ" የማይልሽ ማን አለ? እግርሽን ያጥቡሻል፣ መደቡን ይለቁልሻል። ግራም ስትቆጥሪ ከምታድሪ አንድ ኪሎ ቡና ያዥና ለባለቤቶቹ ስጪ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

መምህርቷ ከማርቆስ

ልክ ነህ፣ እኛም አድርገነዋል። ግን ላይኛው ጮቄ ላይ ቤት የሌለበት ሰፊ ቦታ አለ። ደግሞም በየቤቱ ባደርን ቁጥር መደባቸውን ለቀው መሬት ላይ ሲተኙ ማየት ያሳቅቀኛል።

ጓሳ ለባሽ

መምህርት፣ እኔ ጮቄ ላይ ለስድስት ዓመት ያህል ዕፅዋት ስንቆጥር ድንኳን በጀርባዬ የተሸከምኩ ሰው ነኝ። አሁን ጉልበቴ አልቆ ቢሮ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፤ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ፣ የተዋሳችሁት ድንኳን አላፈሰሰም። ያፈሰሳችሁት እናንተው ናችሁ። ሁለት ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣል። ያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ሸራ ሲነካ ልክ እንደ ድስት ክዳን ጠብ ጠብ ይላል። ሐይቅ ዳር መሆናችሁም ጨምሮበታል፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ብርድ ፈርታችሁ ዚፑን ሁሉ ጥርቅም አድርጋችሁ እንደነበር እገምታለሁ።

ስለዚህ 900 ግራሟን ተያት። ሸራዋ አንድ ስለሆነ ያ ውሃ በቀጥታ የመኝታ ከረጢትሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ጮቄ ላይ ደግሞ እርጥብ ከረጢት ቀልድ አይደለም። ከፍታው 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ግድም ይቀንሳል። ማርቆስ 2400 ሜትር ላይ ናት፣ ጮቄ አናቱ ከ4000 ያልፋል። ማርቆስ ላይ ጋቢ ደርበሽ በምታመሺበት ቀን እዚያ ጓሳው ነጭ አመዳይ ለብሶ ያድራል ማለት ነው።

እረኛ ገሳ ለብሶ ዝናብ ውስጥ ቆሞ አይተሽ ታውቂያለሽ። ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ በገሳውና በጀርባው መካከል ግን አየር አለ። ሁለት ንብርብር ድንኳን ማለት ይኸው ነው። ጤዛው የውጪኛው ሸራ ላይ ይቀራል፣ አንቺ ውስጠኛው ስር ደረቅ ሆነሽ ትተኛለሽ። ውስጡና ውጪው ከተነካኩ ግን ገሳው ጀርባ ላይ ተጣበቀ በይው። ለዚህ ነው ሸራው ተወጥሮ መተከል ያለበት።

እኔ ይህን የተማርኩት በሐምሌ ነው። ባለ አንድ ሸራ ድንኳን ይዤ ወጣሁ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ቀላል ዕቃ የያዘ ሰው ብልህ ይመስለኝ ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በረዶ ወረደ። በረዶው ጣሪያው ላይ ተከምሮ ሸራውን ፊቴ ላይ አስቀመጠው። በእጄ ስገፋው የውስጡ ጤዛ እንዳለ ወረደብኝ። ሊነጋጋ ሲል ጨርቄን ጠቅልዬ አንድ ገበሬ ቤት ገባሁና ከጥጆቹ ጎን ተኛሁ። እንደዚያ የሞቀኝ ቀን የለም። የቢቸናው ወንድሜ በዚህ በኩል እውነቱን ነው።

ቁጥሮቹን ልንገርሽ። "ዲ" የክሩ ውፍረት ነው፤ 9000 ሜትር ክር ሲመዘን ስንት ግራም እንደሚሆን ማለት ነው። 20 ዲ ማለት 9000 ሜትሩ 20 ግራም ነው። የሸረሪት ድር በይው። ለጣሪያ ይበቃል፣ ለወለል ግን እሾህና ጠጠር ይበሳዋል፣ ስሩ ላስቲክ አንጥፊ። ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ውሃ መቋቋሙ ነው። 3000 ማለት ጨርቁ ላይ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢቆም ገና ያኔ ነው ጠብ ማለት የሚጀምረው። ለጣሪያ 1500 በቂ ነው፤ ዝናብ መትቶ ይሄዳል እንጂ አይቆምበትም። ወለል ላይ ግን ጉልበትሽ ጨርቁን እርጥብ መሬት ላይ ይጫነዋል፣ እዚያ ላይ 3000 ይሻላል።

ሌላው ማንም የማይነግርሽ ነገር ሻጮች የሚጽፉት ክብደት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር አለ። ትንሹ ካስማውን፣ ገመዱንና ከረጢቱን ሳይጨምር ነው። ልዩነቱ 200፣ 300 ግራም ይደርሳል። አጎትሽ ሻንጣ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ነው። በበነጋው ደግሞ የረጠበ ድንኳን ነው የምትሸከሚው፤ ያ ደግሞ የትም አልተጻፈም።

ዘንጉ አሉሚኒየም ይሁን። አሉሚኒየም ይጎብጣል፤ ፋይበር ግን ይሰነጠቃል፣ ይኸው ባለቤትሽ መዳፍ ምስክር ነው። ከድንኳኑ ጋር አንድ ጣት የምታህል አጭር ቱቦ ትመጣለች። የተሰበረው ቦታ ላይ አጥልቀሽ በፕላስተር ታስሪያታለሽ። ብዙ ሰው ምን እንደሆነች ሳያውቅ ይጥላታል።

የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው፣ ካገኘሽ ደግሞ ውጪኛው ሸራ ቀድሞ የሚተከል ዓይነት። አብዛኛው ድንኳን ውስጡ ነው ቀድሞ የሚቆመው። ዝናብ ውስጥ ስትተክዪው ሸራውን እስክታለብሺ ወለሉ ኩሬ ይሠራል። ውጪው ቀድሞ የሚቆም ከሆነ ግን ጣሪያሽን ሠርተሽ ከስሩ ተረጋግተሽ ውስጡን ትሰቅያለሽ። ጮቄ ላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው እንዴት እንደሚገለበጥ አንቺው ታውቂያለሽ፤ ጂኦግራፊ አይደል የምታስተምሪው።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ብርዱ ሲጠና ድንኳን ውስጥ ከሰል ወይም ቡታጋዝ እንዳታስገቡ። ሸራው አየር አያሳልፍም፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ።

መምህርቷ ከማርቆስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዚፑን ጥርቅም ያደረግነው በእኔ ትእዛዝ ነው፤ ባለቤቴ ይህን አንብቦ እስካሁን እየሳቀብኝ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። 900 ግራሟን የወደድኳት በዱላ ስለምትቆምም ነው። የእኛ ሰው መቼስ ያለ ዱላ አይሄድም፣ ባለቤቴም የባሕር ዛፍ ዱላ አለው። እሱ አይሆንም ነበር? ደግሞ የመጀመሪያዋ ሳትሆን ሦስተኛው ቢሆንስ? 100 ግራሙን አጎቴን እለምነዋለሁ።

ጓሳ ለባሽ

ዱላው ይሆናል። እኔም አድርጌዋለሁ። ግን እነዚያ ድንኳኖች ቁመት ይመርጣሉ፤ ብዙዎቹ 120 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው የሚፈልጉት። የፈረንጁ ዱላ ይረዝማል ያጥራል። የባለቤትሽ ዱላ ደግሞ ትከሻው ድረስ ነው። ቁረጠው ብትይው ትፋታላችሁ።

ሦስተኛው ጥሩ ነው፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። ግን "ራሱን ችሎ ይቆማል" ማለት ካስማ አይፈልግም ማለት እንዳይመስልሽ። በጮቄ ነፋስ ካስማ የሌለው ድንኳን ራሱን ችሎ ድጓ ጽዮን ይወርዳል። ከእናንተ ቀድሞ። እኔ 600 ግራሙን በበሶ እቀይረው ነበር። ለሁለት ተካፈሉት፦ አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ዘንግና ካስማውን። ለየራሳችሁ 750 ግራም ግድም ይደርሳችኋል።

የደጀን ልጅ

ዘግይቼ መጣሁ። ጋሼ የተናገሩት ሁሉ የደጋ ነው። እኛ ዘንድ ዓባይ በረሃ ለመውረድ የምታስቡ ካላችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ብርድ የለም፣ ውስጡ ሙሉ መረብ የሆነውን ያዙ። ውጪውን ሸራ ጥቅል አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ጉንዳንና ጊንጥ ግን አለ፤ ዚፕ ይዘጋ፣ ጫማ ጠዋት ይራገፍ።

ካስማን በተመለከተ ደግሞ፣ ከደጀን እስከ ቢቸና ያለው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ካስማ ስንጥቁ ውስጥ ይሰምጣል። በክረምት ደግሞ ካስማውን ስትነቅል ግማሽ ኪሎ ጭቃ ይዞ ይወጣል። እንደ ምስማር የቀጠነው አይሆንም፤ ሦስት ክንፍ ያለው ሰፋ ያለ ካስማ ይሻላል። ካልያዘ ድንጋይ በገመዱ አስራችሁ ቅበሩት።

ጓሳ ለባሽ

የደጀኑ ልጅ ጥሩ ብሏል። ጮቄም ላይኛው አፈር ቡን ያለና ለስላሳ ነው፣ ቀጭን ካስማ በእጅ ይነቀላል። መምህርት፣ አጎትሽን ካስማውን በእጅ ሻንጣው እንዳይዝ ንገሪው፤ ፍተሻ ላይ ይወስዱበታል። ድንኳኑ ናይሎን ከሆነ ደግሞ ሲረጥብ ይለጠጣልና ልትተኙ ስትሉ ወጥታችሁ ገመዱን እንደገና ሳቡት። ፖሊስተር ከሆነ አያስቸግርም። ቀን ቀን ተተክሎ አይዋል። የደጋ ፀሐይ ጨርቅ ትበላለች።

ቦታም ምረጡ። ሸለቆው ስር ምቹ ይመስላል፣ ግን ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደዚያ ነው የሚፈሰው። ትንሽ ከፍ ብላችሁ፣ አስታ ወይም ድንጋይ ነፋሱን የሚከልልበት ቦታ ይሻላል። አስታውን ግን አትቁረጡት። እዚያ ላይ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት እኔ ቆጥሬዋለሁ።

መምህርቷ ከማርቆስ

ለገና ያልኳችሁ ድንኳን መጣ! ሁለተኛውን ነው የገዛሁት። የድንች ሚዛኗ እትዬ ጋ ወሰድኩት፤ ካስማው፣ ገመዱ፣ ላስቲኩ ሁሉ ገብቶ 1 ኪሎ ከ800። ሻጩ የጻፈው 1.5 ነበር። ጋሼ ያሉኝ 300 ግራም ይኸውላችሁ። የሸራው ገመድ ማሰሪያዎች ባይሳቡ ውስጡና ውጪው ይነካካሉ፤ ሳብ ሳደርገው ግን አራት ጣት ያህል ተራራቁ።

ውጪው ቀድሞ የሚተከል አላገኘሁም። ስለዚህ ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ መትከል ተለማመድን። መጀመሪያ 19 ደቂቃ፣ በአራተኛው 6 ደቂቃ። ባለቤቴ የአትክልት ማጠጫውን ይዞ ላያችን ላይ ዝናብ ሆነ፤ አንድ የወለሉ ስፌት ጥግ ላይ ብቻ ረጠበ፣ እሱን በሲሊኮን ማጣበቂያ ደፈንኩት።

እንደተተከለ ትተነው ቡና ልናፈላ ገባን። ጎረቤታችን እማማ በአጥር በኩል አይተውት ኖሯል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሁለት ሌሎች ሴቶች አስከትለው፣ እያለቀሱ ገቡ። "ማን ነው? ማን ነው የሞተብሽ ልጄ?" ማንም እንዳልሞተ ለማስረዳት ሦስት ስኒ ቡና ፈጅቶብኛል። ሲወጡ ድንኳኑን ዞረው ዞረው አዩትና "ለቀስተኛውስ የት ሊቀመጥ ነበር?" አሉ።