ገንዘቧ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ለሆነ ተማሪ፦ ከጎንደር የቢዝነስና የአመራር መጻሕፍት ጥቆማ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ላይ አንዲት የማኔጅመንት ተማሪ አስቆመችኝ። ሁለተኛ ዓመት ናት። መንገድ ዳር ከተዘረጉት መጻሕፍት ሁለቱን አንስታ ይዛለች። አንዱ «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» በአማርኛ የተተረጎመው ነው። ሌላው ሽፋኑ ላይ አንበሳ ያለበት የአመራር መጽሐፍ። «ጋሼ፣ ገንዘቤ ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው፤ የቱን ልውሰድ?» አለችኝ።

እዚያው የመለስኩላት አጭር ነበር። ማታ ሳስበው አላረካኝም። ጥያቄው የብዙ ተማሪ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መጽሐፉን ከመሃል ግለጡትና ሦስት ገጽ አንብቡ። ሰውየው ምን ሠራ? በስንት ጀመረ? የት ላይ ከሰረ? ከማን ጋር ተጣላ? ከነዚህ አንዱን እንኳ ሳይነግራችሁ «ትልቅ አስብ፣ ራስህን እመን» እያለ የሚደጋግም ከሆነ ቦታው መልሱት። ማበረታቻ አይጠቅምም አላልኩም። ፈተና የከበደውን ልጅ ቀና ያደርጋል። ግን ሞቅታው በሳምንቱ ይበርዳል፤ የምሳ ገንዘባችሁ ግን ወጥቷል።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ የማስቀድመው «ሹ ዶግ»ን ነው። የናይኪ መሥራች ፊል ናይት የጻፈው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ሰውየው ለናሙና ጫማ የሚሆን 50 ዶላር ከአባቱ ተበድሮ ከጃፓን ማስመጣት ይጀምራል። ሽያጩ በየዓመቱ እያደገ ካዝናው ግን ባዶ ነው። የሸጠውን ሁሉ ለሚቀጥለው ጭነት ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ባንኩ ጭራሽ አባረረው። ትርፍ ማለትና በእጅ ያለ ገንዘብ ማለት አንድ እንዳልሆኑ እንደዚህ መጽሐፍ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የለም። የአካውንቲንግ ተማሪ ካሽ ፍሎውን (የገንዘብ መግባትና መውጣትን) በቀመር ያውቀዋል፤ እዚህ ግን የሰው እንቅልፍ ሲነሳ ያየዋል። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ አገር ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለማስከፈት ባንክ ለባንክ የሚዞር አስመጪ ዘመድ ያለው ደግሞ ወዲያው ይገባዋል። እንግሊዝኛውም ቀላል ነው፤ እንደ ልብ ወለድ ይነበባል።

ሁለተኛው የፕሮፌሰር መሐመድ ዩኑስ «ባንከር ቱ ዘ ፑር» ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ከግቢያቸው አጠገብ ባለችው ጆብራ መንደር አንዲት ሴት የቀርከሃ በርጩማ ስትሠራ ያገኛሉ። ቀርከሃ መግዣ ስለሌላት ከነጋዴ ትበደራለች። በርጩማውንም ለዚያው ሰው እሱ በቆረጠው ዋጋ ታስረክባለች። የቀኑ ትርፏ 2 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። እሳቸው ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቢቆጥሩ፣ በመንደሩ እንደሷ የተያዙት 42 ሰዎች የሚፈልጉት ገንዘብ ተደምሮ 27 ዶላር አልሞላም። ከዚያ ተነስቶ ለድሆች ትንንሽ ብድር የሚሰጠው ግራሚን ባንክ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የኖቤል የሰላም ሽልማትም መጣ። ይህን መጽሐፍ የምወድላችሁ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። ከገጠር የመጣችሁ፣ ወላጆቻችሁ ከአብቁተ (ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በቡድን ዋስትና ሲበደሩ አይታችኋል። ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ማለቴ ነው። በቡድን መበደር መቼ እንደሚሠራ፣ መቼ ጎረቤትን ከጎረቤት እንደሚያቃቅር እናታችሁን ጠይቁ። መልሷ ከመጽሐፉ ጎን ለጎን የሚነበብ ሌላ መጽሐፍ ነው።

ተማሪዋ ይዛው ወደነበረው ልመለስ። «ሪች ዳድ ፑር ዳድ» እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው። አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ገንዘብ የሚያስገባልህንና ገንዘብ የሚያስወጣህን ለይተህ እወቅ ይላል። ይህን ለመረዳት ግን አንድ ከሰዓት ይበቃል። ተበድሮ ቤት መግዛትና መሸጥ ላይ የሚሰጠው ምክር የአሜሪካን የብድር ገበያ ይዞ ነው፤ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ከጓደኛ ተውሳችሁ አንብቡት እንጂ አትግዙት።

«ጉድ ቱ ግሬት»ን መምህራን ብዙ ጊዜ ይጠቁማሉ። አንብቡት፣ ግን እርሳስ ይዛችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ 11 ኩባንያዎችን ለታላቅነት ምሳሌ አድርጎ ነበር። አንዱ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ሰርኪውት ሲቲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ሌላውን፣ የቤት ብድር ኩባንያውን ፋኒ ሜን፣ በዚያው ዓመት መንግሥት ተረከበው። ታዲያ መጽሐፉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ያሸነፉትን ብቻ ሰብስቦ ምክንያት መፈለግ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ይህን ያህል የሚያስተምር አላየሁም። ለክፍል ክርክር ግሩም ነው።

ስታርትአፕ ለሚያስቡት «ሊን ስታርትአፕ» ይበቃል። ደራሲው ማንም ያልፈለገውን ነገር ለወራት ሲሠሩ እንደከረሙ ሳይደብቅ ይናገራል። የመጀመሪያውን ግማሽ አንብባችሁ ወደ ሥራ ግቡ።

ስለ አመራር ከሆነ የአንበሳ ሽፋን አያታልላችሁ። የማንዴላን የሕይወት ታሪክ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይተው እንደደነገጡ፣ ወዲያውም በዚህ ሐሳባቸው ራሳቸውን እንደገሠጹ ጽፈዋል። ስህተቱን እንዲህ የሚያወጣ መሪ ነው መነበብ ያለበት። ከእኛ ደግሞ የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አለ። እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን እንደሚደኸይ ያኔ ጽፈውታል። አማርኛው ይከብዳል። ቀስ እያላችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ይገባል።

የት ይገኛል? መንገድ ዳር ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን ገጹን ቁጠሩ። እኔ አንድ ጊዜ ቤቴ ገብቼ ስገልጠው 16 ገጽ የጎደለው መጽሐፍ ደርሶኛል። ትርጉም ከሆነ የተርጓሚው ስም መኖሩን እዩ። ስም የሌለው ትርጉም ብዙ ጊዜ ተቆራርጧል፤ ቁጥሩም ይሳሳታል። ሱቅ ስትገዙ ትንሽ ትጨምራላችሁ፣ የተበላሸ ግን ትመልሳላችሁ። ከሁለቱም በፊት ቤተ መጻሕፍት ግቡ። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ፣ በተለይ የአማርኛውን፣ አልመክርም። ወረቀት እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ደራሲውንና ተርጓሚውን ሥራ የሚያስፈታው እሱ ነው።

ልጅቷን ትናንት ደውዬ አገኘኋት። አራት የዶርም ጓደኞቿን ጨምራ የመጽሐፍ እቁብ እንድትጀምር ነገርኳት። አምስት ሰው በወር ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ አንድ መጽሐፍ ይገዛል፤ ዕጣ የወጣላት ቀድማ ታነባለች፣ በመጨረሻም መጽሐፉ የሷ ይሆናል። በአምስት ወር አምስቱም አምስት መጽሐፍ አነበቡ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዕጣ ቅዳሜ ይወጣል። በዩኑስ እንጀምር ብለዋል።