በደምቢያ የቀሩ የቤተ እስራኤላውያን መንደሮችና መቃብሮች

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦
ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ቤተ እስራኤላውያን ለብዙ ዘመናት ኖረዋል። ቤቶቻቸው ፈርሰው ወይም በሌሎች ተይዘው ሳለ፣ የቀድሞ መንደሮቻቸውን በምን ምልክት መለየት ይቻላል? ለአካባቢያችን ታሪክ መረጃ እያሰባሰብሁ ነው።

የመጀመሪያ መልስ፦
የጭቃና የእንጨት ቤት ቶሎ ስለሚፈርስ ፍለጋዎን በቤቱ ብቻ አይወስኑ። የመንጻት ሥርዓታቸው ውኃን የሚጠይቅ በመሆኑ መንደሮቻቸውን የሚቆረቁሩት በወራጅ ውኃ አጠገብ ነበር። ሴቶች በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚቆዩበት የመርገም ጎጆ ከመኖሪያው ተለይቶ ይሠራ፣ ዙሪያውም በድንጋይ ይከበብ ስለ ነበር፣ ጎጆው ከጠፋ በኋላ እንኳ የድንጋዩ ክብ ሊታይ ይችላል። አንጥረኝነትና ሸክላ ሥራ መተዳደሪያቸው ነበርና የብረት ቅሪትና የሸክላ ስባሪ መኖሩንም ያስተውሉ፤ ይህ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ መልስ፦
እኔ ከሁሉም አብልጬ የማየው መቃብሩን ነው። አስከሬን የነካ ሰው ለሰባት ቀን እንደ ረከሰ ስለሚቆጠር መቃብሩ ከመንደሩ ውጭ ይሆናል። የቀደሙት መቃብሮች በአብዛኛው ጽሑፍ የሌላቸው የድንጋይ ክምሮች በመሆናቸው የማን እንደ ሆኑ የሚያውቁት ቤተ ዘመዶቻቸውና አብረዋቸው የኖሩ ክርስቲያን ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። እባክዎ አንድም ድንጋይ ከቦታው እንዳይነሣ ይጠንቀቁ።

ሦስተኛ መልስ፦
ብዙዎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄደዋል። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩት ጎረቤቶች ዛሬ አረጋውያን ናቸውና ቃላቸውን መቅዳቱን ከመለካትና ፎቶግራፍ ከማንሣት ያስቀድሙ።