የደብረ ዘይት መርሐ ግብር ከየት ይጀመር?

ጥያቄ (ከደሴ)
የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከቅዳሴ በኋላ ያለውን መርሐ ግብር የማሰናዳው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት በደብረ ዘይት፣ ማለትም በዐቢይ ጾም 5ኛው እሑድ፣ ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት የሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ተነብቦ ሳለ፣ መዘምራኑ ለሌላ በዓል ያጠኑትን መዝሙር አቀረቡ፤ ሰባኪው ስለ ትዳር አስተማረ፤ የቀረውም ጊዜ ለአዳራሽ ማሠሪያ ተብላ ለጨረታ በቀረበች አንዲት ጥላ አለቀ። እያንዳንዱ ለብቻው ክፉ አልነበረም፤ ሆኖም አንዲት እናት ሲወጡ «ልጄ፣ ዛሬ የተነበበው ምን ነበር?» ቢሉኝ አፈርሁ። ነገረ መለኮት ለእንዲህ ያለው ዝግጅት መነሻ የሚሆነው እንዴት ነው?

መልስ (ከዋድላ)
ልጄ፣ መነሻው በእጅህ አለ፤ የየዕለቱን ንባብ የሚያሳየውን መጽሐፍ፣ ግጻዌውን ግለጠው። የዕለቱን መልእክታት፣ ምስባኩን (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር ጥቅስ)፣ ወንጌሉንና የሚቀደሰውን ቅዳሴ ለይቶ ያስቀመጠው የአባቶች ነገረ መለኮት ነው። በደብረ ዘይት «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» (እግዚአብሔር በግልጥ ይመጣል) ተብሎ ከመዝሙር 49 ይሰበካል። ስብከቱም የመዘምራኑ መዝሙርም ከዚያች ቃል ቢቀዳ፣ እናቲቱ የሰሙትን ይዘው ቤታቸው ይገቡ ነበር። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ዝም ማለታቸውም ትምህርት ነውና፣ በሞቅታ መዝሙር አትሸፍኑት።

መልስ (ከላሊበላ)
የየኔታን ቃል ተቀብዬ ጥቂት ልጨምር፤ ርእስ ማስማማት ብቻውን አይበቃም። በእኛ ዘንድ በልደት በዓል «ቤዛ ኩሉ» (የሁሉ ቤዛ) ሲባል፣ ካህናቱ እኩሌቶቹ ከቤተ ማርያም በላይ በማሜ ጋራ፣ እኩሌቶቹ ከታች ቆመው ይቀባበላሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ስንቁን ይዞ በእግሩ የመጣ ገበሬ፣ ማንም ሳያብራራለት፣ ሰማይና ምድር መታረቃቸውን በዓይኑ ያያል። እንግዲህ ስለ ፍርድ ቀን ወንጌል በተነበበ ማግስት ሳይሆን በዚያው ሰዓት፣ ሕዝቡ ተቀምጦ የጥላ ዋጋ ሲሰማ ምን እንደሚማር አስቡት።

መልስ (ከኮምቦልቻ)
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ። በእኔ አጥቢያ ግጻዌ ስለሌለ፣ መዝሙሩን የሚመርጠው ቅዳሜ ማታ አምልኮ መሪው ነበር፤ ስለ ድልና በረከት ወራት ዘምረን ስለ ንስሐ አንድም ሳንዘምር ከርመናል። አሁን ሰባኪው የሚሰብክበትን ክፍል ሰኞ ይሰጠናል።

ጠያቂው
የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘንድሮ ግጻዌውን ይዤ ልምምድ እገባለሁ። ጨረታው ግን የሰበካ ጉባኤው ጉዳይ በመሆኑ፣ ወደ ሌላ እሑድ እንዲዛወር በደብዳቤ ጠይቄ መልስ እጠብቃለሁ።