መቼ ምን እንደሚያደርግ የማይታወቅ ካርቱን ገጸ ባህሪ እንዴት ልሥራ?

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች፣ ለአጭር አኒሜሽን አንድ የስሜን ጭላዳ እየሳልኩ ነው፣ ፀባዩ ድንገት የሚለዋወጥ እንዲሆን ነበር ሀሳቤ ግን እስካሁን ዝም ብሎ የሚጮህና የሚዘል ነገር ነው የሆነብኝ፣ መልኩም ከሌላ ዝንጀሮ አይለይም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ መጀመሪያ ምን እንደሚፈልግ ወስን። የካርቱኑን ዳክዬ ዳፊ ዳክን እይ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲወጣ ዝም ብሎ የሚፈነጥዝ እብድ ነበር፣ በኋላ ነው ስስትና ቅናት የተጨመረበት፣ እኔ የምወደው የኋላኛውን ነው። ያንተም ለምሳሌ መናቅ አይወድም በለው፣ ከዛ ያደረገው ነገር ቢያስደነግጠንም ለምን እንዳደረገው ይገባናል።

መልስ 2፦ መልኩንማ ጭላዳው ራሱ ሰጥቶሃል እኮ! ደረቱ ላይ ያለው ቀይ፣ የወንዱ ጎፈር፣ በዛ ላይ የላይኛውን ከንፈር ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ!! ደግሞ አብዛኛውን ቀን ቁጭ ብሎ ሣር ነው የሚነጨው፣ ስለዚህ ረጋ ብሎ እየነጨ ድንገት ከንፈሩ ይገልበጥ፣ መሀል ላይ ማዘጋጃ ፍሬም (እንቅስቃሴው ሊመጣ መሆኑን ቀድሞ የሚጠቁም ስዕል) አታስገባ።

መልስ 3፦ በመጨረሻው አልስማማም፣ ሁለት ፍሬም እንኳን ዓይኑ ቀድሞ ይዙር፣ አለበለዚያ ተመልካቹ ቪዲዮው የተቆረጠ ይመስለዋል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ ሁለቱንም ሞክሬ እለጥፈዋለሁ።