ያረጀ መኪና ጣርማ በርን አይሻገር የሚባለው ልክ ነው? (ክርክር)

ባለ ዲኤክስ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትላንት አንድ ወንድማችን ሰላሳ ዓመት ያለፈው መኪና ሁሉ ቦሎ ይከልከል፣ ቢያንስ ጣርማ በርን (ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ያለውን ከፍተኛ የተራራ መተላለፊያ) አልፎ ቁልቁል እንዳይወርድ ይታገድ ብሎ ነበር፣ ብዙ ሰውም ደግፎታል። እኔ አልስማማም፣ ለምን እንደማልስማማ በራሴ መኪና ላስረዳ።

መኪናዬ የድሮዋ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አልነሳ አለች። የኛን ከተማ ውርጭ ታውቁታላችሁ፣ ባትሪ ሲበርደው አቅሙ ይወርዳል፣ ዘይቱም ይወፍራል፣ ስለዚ መጀመሪያ ባትሪ ነው ተባልኩ አዲስ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሰርታ ያው ሆነች። ቀጥሎ ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) ነው አሉኝ ዲናሞ ተቀየረ። ከዛ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) አወረዱና ካርቦኑን ቀየሩት። በመጨረሻ ሦስተኛው ሰውዬ "ወንድሜ አርጅታለች ሽጣት" አለኝ። ያን ሁሉ ብር ሳወጣ አንድም ሰው ቴስተር (የኮረንቲ መለኪያ) አውጥቶ አለካም፣ አንድም!

መኪናዋ ግን ስትነግረን ነበር። መብራት ሳበራ የሙቀት መርፌው ዘሎ ይወጣል፣ ሳጠፋ ይመለሳል። ሞተሪኖው ሲታገል ደሞ የነዳጅ ፔዳሉ ገመድ ይግላል፣ በጣቴ ነክቼው ፈጅቶኛል። ይሄ ምን ማለት ነው፣ ኮረንቲው የሚመለስበት መንገድ አጥቶ በፔዳሉ ገመድ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ቴስተር ተውሼ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ልጄን አስነሺ አልኳት፣ 1.9 ቮልት አነበበ። እዛ ጋ ሊጠፋ የሚገባው ቢበዛ ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ነው። ከቦዲው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ማሳ (ኮረንቲው ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት ገመድ) ከብሎኑ ስር ዝጎ በላዩ ቀለም ተቀብቶበታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፌ አዲስ ወፍራም ገመድ አሰርኩ፣ በማግስቱ በዛ ብርድ አንዴ ስነካት ተነሳች። አሁን ሞተሩ ሲሰራ ባትሪው ላይ 14.2 ቮልት አለ።

እና ዲናሞውም ባትሪውም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የዕድሜ ነው ወይስ ሳይለኩ የመቀየር? ዕድሜን ማገድ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መምታት ነው የምለው ለዚህ ነው።

የሚኒባስ ሹፌር (ሸዋ ሮቢት)፦
ወንድሜ እንኳን ተገኘልህ። ግን ያንተ መኪና አልነሳም ብላ ግቢ ውስጥ ቀረች፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ አልቆምም የሚለው ነው። ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ወደ 1,300 ገደማ ወርደሃል፣ በመሀል ያለው ኩርባ ሁሉ ቁልቁለት ነው። እዛ ላይ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ሸራው የሚይዘው ታምቡርም ይግላል፣ ከዛ ፍሬኑን ረግጠኸው መኪናው አይሰማህም።

እኔም በዶልፊን ነው የምሰራው፣ አሮጌ መኪና ጠልቼ አይደለም። ግን ከጎማ የተሰራ ነገር ያረጃል። የፍሬኑ ቱቦ ከውጭ ስታየው ደህና ነው፣ ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል፣ አንዱን እግር ይይዛል አንዱን አይይዝም፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትትሃል፣ እና ያ ጎን ገደል ከሆነስ? ይሄን በቴስተር አታየውም። ሰው የሚጭን መኪና ላይ የዕድሜ ገደብ ይኑር፣ የቤት መኪናውን ባለቤቱ ይወቅበት።

መካኒክ (ሸኖ)፦
ባለ ዲኤክስ ስለኛ ያልከው እውነት አለው፣ ሳይለካ የሚቀይር ሞልቷል፣ እኔም ወጣት ሆኜ አድርጌዋለሁ። ግን ሌላውንም ስማ። ደንበኛ መጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቦ ስትከተልለት ውለህ የላላ ማሳ አግኝተህ አጥብቀህ ክፈል ስትለው "ምን ቀየርክና?" ይልሃል። ዕቃ ስትቀይርለት ግን ሳይከራከር ይከፍላል። ለምርመራ የሚከፍል ሰው እስካልመጣ ድረስ ጋራዡ ዕቃ መቀያየሩን አይተውም።

ሹፌር ደሞ የጎማ ዕርጅና ያልከው ልክ ነው፣ ግን ቁልቁለቱ ላይ ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው። አንደኛ የፍሬን ዘይት። ይሄ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲሱ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ነው፣ ውሃ ከጠጣ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለቱ ላይ ሲግል ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባልሃል። በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር ነው የሚባለው፣ እኔ ጋ የሚመጣው ግን እንደ ቡና የጠቆረ ነው፣ አሥር ዓመት የሆነው መኪና ላይም አይቻለሁ ሰላሳ የሆነው ላይም።

ሁለተኛ ፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ መንዳት። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ አለ፣ አልፎ ተርፎ ሞተር የሚያጠፋም አለ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ሰርቮ (በሞተሩ የመሳብ ኃይል እርግጫህን የሚያግዘው) የቀረችውን የመሳብ ኃይል ሁለት ሦስት እርግጫ ይጠቀምና ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ነው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት የድሮ ሹፌሮች ያለ ምክንያት አይደለም። እና ባለ ዲኤክስ፣ የኤሌትሪክ ብልሽት ቤት ያስቀራል እንጂ አይገድልም እንዳይባል፣ ማሳው የላላ መኪና ቁልቁለት መሀል ሞተሩ ቢጠፋበት ያው ሰርቮውን ያጣል።

ባለ ዲኤክስ (ደብረ ብርሃን)፦
ይሄን አላሰብኩትም፣ ልክ ነህ። ግን ነገርህ እኔን ነው የሚደግፈው። የፍሬን ዘይት የሚታይ ነገር ነው፣ ሰርቮ የሚሞከር ነገር ነው፣ ሞተር አጥፍተህ ደጋግመህ ረግጠህ ትጨርሰዋለህ፣ ከዛ ፔዳሉን ይዘህ ስታስነሳ ትንሽ ወደ ታች ካልሄደ ሰርቮው አይሰራም። ዕድሜ ከመቁጠር ይሄን ማየት አይሻልም?

መምህርት (ደብረ ሲና)፦
እኔ መኪና የለኝም፣ የምኖረው ግን መንገዱ ዳር ነው። ማታ ማታ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ቤቴ ድረስ ይገባል። ጎረቤቴ ልጇን በዚህ መንገድ ነው ያጣችው፣ መኪናው ቦሎ ነበረው፣ የዛን ዓመት ተመርምሮ አልፏል ተብሎ ወረቀት ነበረው። ስለዚ እናንተ ዕድሜ ወይስ ሁኔታ ስትባባሉ እኔ የምጠይቀው ማነው የሚለካው ነው። ሁኔታው ይታይ ማለት ጥሩ ነው፣ የሚያየው ሰው መኪናው ስር ካልገባ ግን ዕድሜ ይሻላል፣ ዕድሜን ቢያንስ ማንም ሊዋሽበት አይችልም ሊብሬው ላይ ተጽፏል።

ደሞ ፍሬን ብቻ አይደለም። በክረምት ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለውን አታይም፣ ከዛ ዋሻው አለ፣ ጣሊያን የቆፈረው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዋሻ፣ የኋላ መብራቱ የጠፋ መኪና እዛ ውስጥ ቆሞ ቢገኝ ምን ይሆናል? አንድ አምፖል እኮ ነው።

መካኒክ (ሸኖ)፦
እታለም ነፍስ ይማር፣ ያልሽው ልክ ነው። የኋላ መብራት ደሞ ብዙ ጊዜ አምፖሉ እንኳን አይደለም፣ ያው ማሳ ነው። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው አብሮ የሚበራ ካያችሁ ማሳውን ፈትሹ።

ተመላላሽ (አዲስ አበባ–ደብረ ብርሃን)፦
ለምን ሁሉም ወደ ኤሌትሪክ አይሄድም? ቁልቁለቱን ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ እየወረደ ባትሪ ይሞላል፣ የሚቃጠል ሸራ የለም።

ባለ ዲኤክስ (ደብረ ብርሃን)፦
በምን ብር ወንድሜ? በ2012 ኤክሳይዝ ታክሱ ሲመጣ ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ በ2016 ደሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ቆመ። ሰው ያለውን ይዞ ነው የሚቆየው፣ ስለዚ አሮጌው ከዚህም በላይ ያረጃል። ዕድሜ ብለህ ብታግድ ነገ ከመሐል ሜዳ ከእነዋሪ በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ምንድነው?

መካኒክ (ሸኖ)፦
ኤሌትሪኩም ቢሆን ባትሪው ሙሉ ከሆነ ቁልቁለቱ ላይ የሚሞላው ቦታ የለውም፣ ያኔ ፍሬኑን ነው የምትረግጠው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ፍሬን አያስረሳም።

አንድ ነገር ልጨምር ስለ ደጋችን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እዛ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተር ደሞ ከዛ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ነው የሚሰራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፣ 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት ነው) የተጻፈበት ደህና ክዳን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ክዳኑ ጎማው ካለቀ ግን አዳማ ላይ ደህና የነበረ መኪና እዚህ አቀበቱ ላይ ይፈላል፣ ከዛ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ነው ይባልና ሞተር ይፈታል። በክዳን! ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘውን) አውልቆ መጣልም መፍትሄ አይደለም፣ በኛ ብርድ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል ነዳጅ ይበላል።

የሚኒባስ ሹፌር (ሸዋ ሮቢት)፦
መምህርት ያለችው ነው ልቤን የነካው። እኔ አሁንም ሰው ለሚጭን መኪና ገደብ ይኑር ነው የምለው፣ ከዛ አልወጣም። ግን ሌሊቱን ሳስበው የራሴ ዶልፊን የፍሬን ዘይት መቼ እንደተቀየረ አላውቅም፣ ባለንብረቱንም ደውዬ ጠየኩት እሱም አያውቅም። ነገ ተራ አልይዝም። ሸኖ ድረስ መምጣት አልችልም ግን ደብረ ሲና ላይ አስቀይረዋለሁ፣ ቱቦዎቹንም አራቱንም አስፈትቼ አያለሁ። ለምርመራውም እከፍላለሁ፣ ምን ቀየርክና አልልም።