ነጥቦቹ የሪሴፕተር ክላስተር ናቸው ወይስ ኢንዶዞም? (ሕያው ሄላ ሴል፣ ኢጂኤፍአር)

ጅማ_ሴል

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ኢጂኤፍአር የሚባለው ሪሴፕተር (በሴሉ ሽፋን ማለትም በሜምብሬኑ ላይ ሆኖ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን) በሕያው ሄላ ሴል (በላብ የሚራባ የሰው የካንሰር ሴል) ላይ ሲሰባሰብ ለማየት እየሞከርን ነው። ያለን ማይክሮስኮፕ ተራ ዋይድፊልድ ፍሎረሰንስ ነው፤ ባለ 60 እጥፍ የዘይት ኦብጀክቲቭ (ኤንኤ፣ ማለትም ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ፣ 1.4)፣ 470 ናኖሜትር ኤልኢዲ፣ ፒክሰሉ 6.5 ማይክሮሜትር የሆነ ካሜራና የሚሞቅ ስቴጅ አለው። ከስስ ንብርብር ብቻ ብርሃን የሚለቅሙት ኮንፎካልም ቲርፍም የሉንም።

በሴሉ ውስጥ ባለው ጫፉ ላይ ጂኤፍፒ (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) የተቀጠለበትን ኢጂኤፍአር በፕላዝሚድ አስገብተን በ24ኛው ሰዓት እናያለን። በሚሊሊትር 100 ናኖግራም ኢጂኤፍ (ሪሴፕተሩን የሚያነቃቃው የእድገት ፋክተር) ጨምረን 10 ደቂቃ ስንቆይ ሴሉ በደማቅ ነጥቦች ይሞላል። ግን ምንም ካልተጨመረባቸው ሴሎችም ሲሶ ያህሉ ነጥብ አላቸው። ሪሴፕተሩን በአንቲቦዲ ስናቀልም ደግሞ ነጥብ የሌለው ሴል ጠፋ። ነጥብ ቆጥረን «ክላስተሩ (የሪሴፕተሮቹ ስብስብ) ጨመረ» ማለት ይቻላል? ካልተቻለ በዚሁ ዕቃ ምን ይሠራል?

ሜምብሬን

ቆጥሮ መደምደም አይቻልም። ኦብጀክቲቫችሁ የሚለየው ትንሹ ርቀት 0.61 × 510 (የጂኤፍፒ ብርሃን የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር) ÷ 1.4፣ ማለትም 222 ናኖሜትር ገደማ ነው። የሪሴፕተሩ ስፋት ግን 10 ናኖሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ የተጣበቁ ሁለት ሪሴፕተሮችና በ150 ናኖሜትር የተራራቁ ሁለት ሪሴፕተሮች በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ናቸው። ትልልቆቹ ደማቅ ነጥቦች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ናቸው።

10 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። በ37 ዲግሪ ኢጂኤፍ ከተጨመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሪሴፕተሩ በክላትሪን (ሜምብሬኑን ወደ ውስጥ የሚያጎብጥ ፕሮቲን) በኩል ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል፤ በ10ኛው ደቂቃ የምታዩት በብዛት ኢንዶዞም (ወደ ሴሉ ውስጥ የገባውን የሚይዝ ከረጢት) ነው። ለማጣራት በየ2 ሰከንዱ አንድ ሥዕል እያነሣችሁ ለአንድ ደቂቃ ተከታተሉት። በቀጥታ መስመር ብዙ ማይክሮሜትር የሚሮጥ ነጥብ ማይክሮቲዩቡል (የሴሉ ውስጥ ሐዲድ) ላይ የተሳፈረ ኢንዶዞም ነው። ቀይ ቀለም ያለው ራብ5 (የኢንዶዞም መለያ ፕሮቲን) አብራችሁ ብታስገቡ ደግሞ ክርክሩ ያበቃል።

ሴሉን በረዶ ላይ አድርጋችሁ ኢጂኤፉን ለ30 ደቂቃ ማጣበቅ፣ አጥቦ ማሞቅና የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎች ብቻ መቅረጽ ይሻላል። በብርዱ ጊዜ የተነሣውን ሥዕል ግን ለመደምደሚያ አትጠቀሙበት፤ ሜምብሬኑ ራሱ ስለሚደነድን የሪሴፕተሩ እንቅስቃሴም አብሮ ይዘገያል። መግባቱን በመድኃኒት ማገድ ከፈለጋችሁ ዳይናሶር 80 ማይክሮሞላር ነው፤ ሴረም ባለበት ከጨመራችሁት ግን ፕሮቲኖቹ ይይዙትና ያልሠራ ይመስላችኋል።

ምንም ሳይጨመርባቸው ነጥብ ያሳዩት ሴሎች ጉዳይ ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ሴረም ነው፤ ራሱ የእድገት ፋክተሮች ስላሉበት ከሙከራው በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት ያለ ሴረም አቆዩአቸው። ሁለተኛው ብዛት ነው፤ ኢጂኤፍአር ሲበዛ ያለ ኢጂኤፍም እርስ በርሱ ይገናኛል፣ የተረፈውም ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ከጀርባው ብርሃን ሁለት ሦስት እጥፍ ብቻ የሚደምቀውን ፈዛዛ ሴል ምረጡ። ዓይን ወደ ደማቁ መሄዱ አይቀርም፤ የሚያሳስተውም እሱ ነው። ሦስተኛው ጂኤፍፒው ራሱ ነው። ተራው ጂኤፍፒ ሜምብሬን ላይ ሲጠጋጋ በመጠኑም ቢሆን ይጣመራል፤ ኤ206ኬ የሚባለው ለውጥ ያለበትን ሞኖመር (የማይጣመረውን ዓይነት) ተጠቀሙ። ሌላው ቢቀር ይህን አስተካክሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ሄላ የራሱ ያልተቀለመ ኢጂኤፍአር አለው፤ ከእናንተው ጋር ስለሚጣመር ምልክቱን ያደበዝዛል። ሲኤችኦ የሚባለው የሃምስተር ሴል ከሞላ ጎደል የለውም።

ፋብ_ብቻ

የአንቲቦዲው ነገር ግልጽ ነው። አንድ አንቲቦዲ ሁለት እጅ አለው፤ ሁለት ሪሴፕተር ይዞ ያስተሳስራል። በላዩ ሁለተኛ አንቲቦዲ ስትጨምሩ ጥንዶቹን መልሶ ያሰባስባቸዋል። ያያችሁትን ክላስተር የሠራው ቀለሙ ነው። ለሕያው ሴል ቀለሙ በቀጥታ የተያያዘበት ባለ አንድ እጅ ፋብ እንጂ ሙሉ አንቲቦዲ አይሆንም።

«መጀመሪያ ፊክስ ካደረግነው (በኬሚካል ባለበት ካስቆምነው) ምን ችግር አለው?» ለምትሉ፦ 4 ፐርሰንት ፓራፎርማልዴሃይድ ብቻውን ብዙ የሜምብሬን ፕሮቲኖችን ሙሉ በሙሉ አያስቆምም፤ መንቀሳቀሳቸውን ስለማይተዉ ሁለተኛው አንቲቦዲ ከዚያ በኋላም ይሰበስባቸዋል። 0.2 ፐርሰንት ግሉታራልዴሃይድ ሲጨመርበት በጣም ይሻላል፣ ግን ሴሉ ራሱ ማብራት ይጀምራል።

ፕላዝሚድ መቀየር የሚቻል ከሆነ ስናፕ ታግን (ቀለም የሚይዝ ትንሽ ፕሮቲን) ከውጭ በኩል ባለው ጫፍ ላይ ቀጥሉ። ሜምብሬን የማያልፍ ቀለም ከተጠቀማችሁ የሚቀለመው በዚያ ሰዓት ላዩ ላይ ያለው ሪሴፕተር ብቻ ነው፣ ለአንድ ሪሴፕተርም አንድ ቀለም። ያኔ ውስጥ የተከማቸው አይታይም።

ደጋማው

ስለ ጅማ ራሱ ማንም አላነሣም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎፓስካል ነው፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 101። ኢንኩቤተሩ 5 ፐርሰንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢልም ሚዲየሙ የሚያገኘው 5.1 ሳይሆን 4.1 ኪሎፓስካል ነው፤ ፒኤቹ ወደ 0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ወደ 6 ፐርሰንት አድርጉትና ፒኤቹን በመለኪያ አረጋግጡ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጋዝ ከሌለ ፌኖል ሬድ (የሚዲየሙ ቀይ ቀለም) የሌለው፣ 20 ሚሊሞላር ሄፔስ (ፒኤቹን የሚጠብቅ) ያለበት ሚዲየም ተጠቀሙ። ፌኖል ሬድ የጀርባውን ብርሃን ስለሚያሳድግ ፈዛዛ ሴል ለመምረጥ አያስችልም።

ሙቀቱንም ተጠራጠሩ። የስቴጁ ማሳያ 37 ቢልም ዘይት የነካው ኦብጀክቲቭ ሙቀቱን ስለሚስበው ከሌንሱ በላይ ያለው ሴል 3 ወይም 4 ዲግሪ ሊቀንስበት ይችላል። ቀጭን ቴርሞካፕል ዲሹ ውስጥ አስገብታችሁ ለኩ፤ ለኦብጀክቲቩም ማሞቂያ ቀበቶ አድርጉለት። ሁሉም ሞቆ ፎከሱ መንሸራተቱን እስኪያቆም አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ለቡና ከበቂ በላይ ነው። ዲሹን ደግሞ ክፍት አትተዉ፤ ውሃው ሲተን ጨዉ ይበረታል፣ ሴሉ ይኮማተራል፣ ሜምብሬኑ ይታጠፋል፣ የታጠፈው ቦታ ድርብ ስለሆነ ደምቆ ክላስተር ይመስላል።

ኤልኢዲ መሆኑ ጥሩ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር የሜርኩሪ መብራት እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ አለ፤ እናንተ ግን ኮምፒውተሩንና ስቴጁን ዩፒኤስ ላይ ካደረጋችሁ ይበቃል። ክረምት ላይ ሌንሶቹን ሲሊካ ጄል ባለበት ዝግ ሣጥን አስቀምጡ፤ በጅማ እርጥበት ሻጋታ ሌንስ ላይ ለመብቀል ጊዜ አይፈጅበትም።

ጅማ_ሴል

እናመሰግናለን፤ ሞኖመሩን እንቀይራለን፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ደቂቃዎችም እንቀርጻለን። ግን ነጥብ ካልቆጠርን ቁጥሩን ከየት እናመጣለን?

ሜምብሬን

ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ሜምብሬኑን በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በቀይ ዲአይ፣ ቀልሞ የሪሴፕተሩን ብርሃን ለሜምብሬኑ ብርሃን ማካፈል ነው። እጥፋት ከሆነ ሁለቱም አብረው ይደምቃሉ፣ ክፍልፋዩም አይለወጥም። ሪሴፕተሩ በእርግጥ ከተሰባሰበ ግን ክፍልፋዩ ከፍ ይላል። ለፊጂ (የሥዕል መተንተኛ ሶፍትዌር) የምትሰጡትን የመቁረጫ ዋጋ ከኮንትሮል ሥዕሎች አውጥታችሁ ለሁሉም አንድ አድርጉት፤ በየሥዕሉ ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ፈዛዛውን ሴል ነጥብ በነጥብ ያደርገዋል። ሥዕሉ 16 ቢት ቲፍ ይሁን፣ ጄፔግ አይሆንም፣ የሞላ ፒክሰልም አይኑርበት።

ሁለተኛው እኔ የምመርጠው ነው፤ ከሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) በላይ ብዙ ወጪ የለውም። በፖላራይዝድ ብርሃን የተመታ ጂኤፍፒ ብርሃኑን የሚመልሰው በዚያው አቅጣጫ አካባቢ ነው፤ በ2.6 ናኖሰከንድ ገደማ ስለሚያበራ ለመዞር ጊዜ የለውም። ሌላ ጂኤፍፒ 5 ናኖሜትር አካባቢ ላይ ካለ ግን ጉልበቱን ለጎረቤቱ ያሳልፍና አቅጣጫው ይጠፋል። ሪሴፕተሮች ሲጠጋጉ አናይሶትሮፒው (አቅጣጫው ምን ያህል እንደተጠበቀ የሚያሳየው ቁጥር) የሚወርደው በዚህ ነው። 222 ናኖሜትር ላይ የቆመውን ሌንስ በዚህ በኩል ታልፉታላችሁ።

አንዱን ፖላራይዘር በኤልኢዲው መንገድ፣ ሌላውን ከካሜራው በፊት አድርጉ። ትይዩ፣ ቀጥ ብሎ (በ90 ዲግሪ)፣ እንደገና ትይዩ አድርጋችሁ ሦስት ሥዕል አንሡ። ሁለቱን ትይዩ ካማከላችሁ በመካከል የጠፋው ብርሃን ይካካሳል። ስሌቱ (ትይዩው − ጂ × ቀጥ ያለው) ÷ (ትይዩው + 2 × ጂ × ቀጥ ያለው) ነው። ጂ፣ ማለትም ማይክሮስኮፑ ለሁለቱ አቅጣጫዎች ያለውን አድልዎ የሚያርመው ቁጥር፣ የሚገኘው አናይሶትሮፒው ዜሮ አካባቢ ከሆነው የውሃ ውስጥ ፍሎረሲን ነው። የጀርባውን ብርሃን ከሁለቱም አስቀድማችሁ ቀንሱ።

ጉዱ ያለው ኦብጀክቲቩ ላይ ነው። 1.4 ኤንኤ ብርሃኑን ከብዙ ማዕዘን ስለሚሰበስብ አቅጣጫውን ያደበላልቀዋል። ባለ 20 ወይም 40 እጥፍ፣ ኤንኤው ከ0.75 ያልበለጠ ኦብጀክቲቭ ተጠቀሙ። ነጥቡ አይለይም፤ የምትፈልጉት ግን የሴሉ ጠርዝ አማካይ ቁጥር ነው።

ፋብ_ብቻ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ኮንትሮሎቹን ከኢጂኤፍ በፊት ሥሩ። ሜምብሬን ላይ የተተከለ ብቸኛ ሞኖመር ጂኤፍፒ ከፍተኛውን ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ሁለት ጂኤፍፒ በአጭር ማያያዣ የተቀጠለበት ደግሞ ዝቅ ያለውን። ሁለቱን መለየት ካልቻላችሁ ችግሩ ሪሴፕተሩ ጋ አይደለም። ከዚያ ኢጂኤፍ የገባበትን ሴል በኃይለኛ ብርሃን ግማሽ ያህል ብሊች አድርጉትና (ጂኤፍፒውን አጥፉትና) እንደገና ለኩ። ጎረቤቶቹ ሲጠፉ አናይሶትሮፒው ወደ ላይ ከተመለሰ ቀድሞ ያወረደው መጠጋጋት ነበር፤ ካልተመለሰ ሌላ ነገር ፈልጉ።

ደጋማው

ፖላራይዘሩን ዳይክሮይክ መስታወቱ (ቀለም እየለየ ብርሃን የሚያንጸባርቀው) ከሚያጋድልበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ወይም ቀጥ አድርጋችሁ ግጠሙት፤ በመካከል ባለ ማዕዘን ከሆነ መስታወቱ ራሱ ብርሃኑን ያዛባዋል። መስታወቱ ያለበት የፊልተር ኪዩብ በወጣና በገባ ቁጥርም የጂ ዋጋን እንደገና ለኩ። ስታቲስቲክስ ላይ ደግሞ አንድ ዲሽ አንድ ናሙና ነው፤ ከአንድ ዲሽ 40 ሴል ብትለኩም ቁጥራችሁ 40 አይደለም።