ለምጣድ መስመር የትኛው ሽቦ፣ የትኛው ብሬከር?

ጥያቄ፦ ምጣዱ 3500 ዋት ነው። ባለሱቁ ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦና ባለ 32 (አምፒር) ብሬከር አውጥቶ «ሁለቱም ደረጃ ያሟሉ ናቸው» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ግን አልገጥምም አለ። የማንን እንስማ?

መልስ፦ የኤሌክትሪሺያኑን። ባለሱቁም ላይዋሽ ይችላል፤ የደረጃ ምልክት የሚመሰክረው ስለ ዕቃው ለየብቻው ነው። ሽቦና ብሬከር በአንድ መስመር ሲገናኙ የሚዳኛቸው የዝርጋታ ደንቡ ነው፤ በእኛ አገር የሕንፃ ኮዱ፣ ኢቢሲኤስ 10። ሒሳቡ አጭር ነው፦ 3500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ብሬከሩ ከዚህ አይነስ፣ ሽቦው ከሚሸከመውም አይብለጥ። በቱቦ ግድግዳ ውስጥ የገባ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ እንደ አገባቡ ከ20 እስከ 24 አምፒር ቢሸከም ነው። ባለ 32ቱ ብሬከር ሽቦው ሲግል ዝም ብሎ ያያል።

የኔ ምርጫ፦ ባለ 4 ሽቦ፣ ባለ 20 ብሬከር፣ ሌላ ነገር የማይነካው መስመር። ሶኬት ይቅር። የተለመደው ሶኬት ልኩ 16 አምፒር ነው፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲጋገርበት ትንሽ የላላ ብሎን ካለ ይግልና ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ባለ 32 አምፒር፣ ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ይሻላል።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ጥቅል ላይ የታተመ ጽሑፍ ብቻውን አይታመን፣ ማተም ርካሽ ነው። ሚዛን ይዋሻል ብላችሁ አትፍሩ፦ ባለ 4 ሽቦ 100 ሜትር ውስጥ 3.6 ኪሎ ያህል መዳብ አለ። ከነፕላስቲኩ ከዚያ በታች ከመዘነ ወይ አጥሯል፣ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቁት፤ ነጭ ከወጣ መልሱት። በቴስተር ለመለካት ከፈለጋችሁ ጥቅሉ ከ0.46 ኦም መብለጥ የለበትም (የቴስተሩን ገመድ ቀንሱ)።

ሦስተኛ መልስ፦ ብሬከሩ ፊት ላይ ሲ20 (20ው አምፒሩ ነው)፣ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ 6000 (በአጭር ዙር ጊዜ መቁረጥ የሚችለው አምፒር)፣ እና አይኢሲ 60898 (የቤት ብሬከር ደረጃ) የሚለውን ፈልጉ። እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ ለሰው ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) ጨምሩ። ግራውንድም ይዘርጋ። ቴስት ቁልፉ ሲጫን አርሲዲው ስለወረደ ግራውንዱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ቁልፉ የሚፈትነው መሣሪያውን ብቻ ነው፣ ግራውንድ ጭራሽ ባይኖርም ይወርዳል።